የጋሽ ሙህዲን የጓሮ ቆጠራ

ጋሽ ሙህዲንን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በቆጠራ ነው። ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ሠላሳ አንድ ዓመት በሠሩበት ሱቅ ውስጥ ሳሙናው፣ ፓስታው፣ ዘይቱ፣ ክብሪቱ ሳይቀር በየሰኞው ይቆጠራል። ደንበኛ መጥቶ ቢቆም እንኳ ጣታቸውን ካርቶኑ ላይ እንዳሳረፉ "አንዴ ታገሠኝ፣ አርባ ሦስት ላይ ነኝ" ይሉታል። ደንበኛውም ይታገሣል፤ ምን ያድርግ? አርባ ሦስት ላይ የደረሰን ሰው ማቋረጥ ግፍ ነው። አንዳንዱማ ዝም ብዬ ከምገተር ብሎ አብሮ ይቆጥርላቸው ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አምና ክረምት ተነሥተው ስኳር ድንች ገበሬ የሆኑት።

ነገሩ የጀመረው ከጉልበታቸው ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት የተሸከማቸው ጉልበት አንድ ቀን በቃኝ አለ፤ ሐኪሙም ቆሞ መዋል ይቅርብዎት አላቸው። ሱቁን ለመጀመሪያ ልጃቸው ለአብዱራህማን አስረከቡ። አስረከቡ የምንለው ለወጉ ነው እንጂ፣ በማግስቱ ጠዋት ከሚኖሩበት ከምሥራቅ ሰፈር በባጃጅ መጥተው፣ ልጁ ሳይደርስ በሩ ላይ ቆመው ተገኙ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ዓመት ሙሉ እንደዚያው። አብዱራህማን አንድ ዕቃ ከቦታው ባነሣ ቁጥር "ይሄ ደግሞ ለምን እዚህ መጣ?" ይባላል። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው እኮ! የሦስት ልጆች አባት ነው።

ግንቦት ላይ ሞልቶ ፈሰሰ። ሱቁ በደንበኛ እንደተጨናነቀ ጋሽ ሙህዲን ከውስጥ "አብዱ! ሁለት ካርቶን ሳሙና የት ገባ?" ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ዞሮ አብዱራህማንን አየው። ሳሙናው የትም አልገባም፤ ጣሪያው ስለሚያፈስ ልጁ ራሱ ወደ ጓዳው በር ጀርባ አዙሮት ነበር። ይህን ሳያስረዳ ደንበኛውን ማስተናገዱን ቀጠለ። አመሻሽ ላይ ግን ቤት መጣና ከአባቱ ፊት ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባ፣ ከነገ ጀምሮ ሱቅ አትምጣ። እረፍ" አላቸው። ቢጮኽባቸው ይሻላቸው ነበር። እሳቸውም ይጮኹና ይወጣላቸው ነበር። በዝግታ ሲነገራቸው ግን "እሺ" ብቻ አሉ።

ቤት የዋለ ሙህዲን ምን ይሠራል? ይቆጥራል። የባለቤታቸውን የወይዘሮ ከድጃን ሽንኩርት ቆጠሩ። ብርጭቆውን ቆጠሩና "አንድ ይጎድላል" አሉ። የጎደለው ብርጭቆ የተሰበረው በአብዱራህማን ሠርግ ቀን ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ! ወይዘሮ ከድጃ አርባ ዓመት የቻሉ ሴት ናቸው። በአሥረኛው ቀን ግን ማማሰያቸውን እንደያዙ ከወጥ ቤት ወጡና "አንተ ሰውዬ፣ ወላሂ ወይ አንተ ወደ ጓሮ ሂድልኝ፣ ወይ እኔ ወደ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ!" አሉ።

ጋሽ ሙህዲን ወደ ጓሮ ሄዱ።

ጓሮዋ ከቤቱ ኋላ ያለች፣ ርዝመቷ ሃያ እርምጃ፣ ወርዷ አሥር የማይሞላ፣ አረምና የተሰበረ ወንበር የወረሳት ቦታ ናት። እዚያ ሲደርሱ ብቻቸውን አልነበሩም። አብዱራህማን ሽፈራው ከሚባል ግንበኛ ጋር ሜትር ዘርግቶ እየለካ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ አራት ክፍል ሰርቪስ ሊያወጣባት ነው፤ ለተከራይ። ጎረቤቱ ሁሉ እንደዚያ አድርጓል፤ ልጁ ምንም ክፉ አላሰበም።

"ሱቁን ሰጠሁህ" አሉ ጋሽ ሙህዲን። "ይችን እንኳ ለእኔ ተዋት።"

"ምን ልታደርግባት አባ?"

ጋሽ ሙህዲን ምን እንደሚያደርጉባት አላሰቡም ነበር። "ላርስባት" አሉ፣ አፋቸው እንዳመጣላቸው።

አብዱራህማን ሳቀ። "አንተ? ከስልጤ ከወጣህ ሃምሳ ዓመት አልፎሃል። ዶማ ይዘህ ታውቃለህ?"

ይሄ ሳቅ ነው ያቃጠላቸው። "ስማ!" አሉ። "ኅዳር ሲገባ፣ ከዚህች ጓሮ በወጣ ነገር ቤተሰቡን በሙሉ አንድ ምሳ አበላለሁ። ካላበላሁ ሲሚንቶህን አፍስስ፤ አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።"

ለአብዱራህማን የቀልድ ውል ነበር፤ ዝናቡ አልፎ መሬቱ እስኪደርቅ ኅዳር ስለሚሆን የሚያጣው ነገር የለም፣ ስለዚህ እጁን ዘርግቶ መታላቸው። ለጋሽ ሙህዲን ግን ቀልድ አልነበረም። ሱቁ ሄዷል። ጓሮዋም ከሄደች በዚህች ምድር ላይ የእኔ ሥራ የሚሉት ቦታ አይኖራቸውም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰው ባጃጅ የሚቆጥሩ ሽማግሌ ሊሆኑ ነው። ይሄን ፈሩት። ለማንም አልተናገሩም እንጂ በጣም ፈሩት።

ብዙነሽ የምትባለው ጎረቤታቸው ይህን ሁሉ በአጥር ሰምታለች። ሐዋሳ ዙሪያ ገጠር ተወልዳ ያደገች፣ ጠዋት ትምህርት ቤት የምታጸዳ፣ ከሰዓት ጓሮዋን የምትኮተኩት፣ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት። በማግስቱ አንድ እቅፍ ሐረግ በአጥሩ ላይ አሻግራ "ጋሼ፣ እስከ ኅዳር የሚያደርስዎት ይሄ ነው። ስኳር ድንች ነው" አለቻቸው።

ጋሽ ሙህዲን ሐረጉን አገላብጠው አዩት። "ዘሩ የታለ?"

"ይኸው እጅዎ ላይ።"

"ይሄማ ገመድ ነው።"

"ገመዱ ነዋ የሚተከለው።"

"ድንቹስ?"

"ከሥር ይመጣል።"

"መቼ?"

"ሲመጣ ይመጣል ጋሼ!"

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነግዱ "ሲመጣ ይመጣል" ያላቸውን አቅራቢ ሁሉ ከሱቃቸው ደጃፍ አባረዋል። ብዙነሽን ግን ማባረር አልቻሉም፤ ሌላ አቅራቢ የለም።

ሐረጉን ሁለት ቀን ጥላ ሥር አስቀምጠው ያጠውልጉት አለቻቸው። ዕቃ ሲጠወልግ እያየ ዝም የሚል ነጋዴ ግን የለምና፣ ጋሽ ሙህዲን በየሰዓቱ ውኃ ሲረጩበት ዋሉ። ብዙነሽ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ "ኧረ ይተዉት! ትንሽ ካልተቸገረ ሥር አይሰድም" ብላ ሳቀችባቸው። አፈሩን በጉብታ በጉብታ መከመር ያሳየቻቸውም እሷ ናት። የዚህ አገር አፈር ቀላል ነው፣ ለታመመ ጉልበታቸውም አልከበደም፤ በአራት ቀን ሦስት ረድፍ ወጣላቸው፣ በየረድፉ ስምንት ጉብታ። ሐረጉን በክንድ ልክ ቆርጠው፣ ጋደም አድርገው፣ ሦስቱን አንጓ ከአፈር በታች ቀበሩት። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የሳሙና ካርቶን በመቀስ ቆርጠው፣ በማርከር ከአንድ እስከ ሃያ አራት ቁጥር ጽፈው፣ በየጉብታው ላይ በእንጨት ሰኩት። ሐምሌ ዝናቡ ቁጥሩን ሲያጥበው በፌስታል ጠቅልለው እንደገና ሰኩት።

ሐረጉ ያዘ። በአንድ ወር ውስጥ ጓሮዋ አረንጓዴ ለበሰች። ጋሽ ሙህዲን ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በረድፎቹ መካከል ሲመላለሱ፣ ድሮ በመደርደሪያዎቹ መካከል እንደሚመላለሱት ነበር። ደስ አላቸው። የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ። ወይዘሮ ከድጃም ሽንኩርታቸው በሰላም ዋለላቸው።

ምን ዋጋ አለው፤ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሰኞ መጣ።

ሰኞ ደግሞ የቆጠራ ቀን ነው። ጋሽ ሙህዲን ዶማቸውን ይዘው ወጡና ጉብታ ቁጥር አንድን ከጎን ፈነቀሉት። ከሥሩ ክር የመሰሉ ነጫጭ ሥሮች ብቻ አሉ። መልሰው አለበሱት። ቁጥር ሁለትም ክር ነው። ቁጥር ሦስትም። እስከ ስምንት እንደዚያው። "ገና ነው" አሉ። በሚቀጥለው ሰኞ ደግመው ከፈቱ፤ አሁንም ክር። በሦስተኛው ሰኞ ቁጥር አንድ ከነሐረጉ እጃቸው ላይ ተነቅሎ መጣ፤ ቀስ ብለው መልሰው ተከሉት፣ ዞር ብለውም ያያቸው ሰው እንዳለ ቃኙ። ነሐሴ ሲያልቅ የመጀመሪያው ረድፍ ስምንቱም ጉብታ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። እሳቸው በሽታ ገባበት ብለው የሁለተኛውን ረድፍ ሊመረምሩ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ዶማቸውን አነሡ።

"ኡኡ!"

ብዙነሽ ናት። መጀመሪያ የተናገረችው በእናት ቋንቋዋ በሲዳሙ አፎ ስለሆነ ጋሽ ሙህዲን አልገባቸውም፤ ስድብ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ አይደሉም። ከዚያ በዋናው በር ዞራ እየሮጠች ገባች።

"ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እየቆጠርኩ።"

"ምኑን?"

"ድንቹን ነዋ! ስንት እንደደረሰ ማወቅ የለብኝም?"

ብዙነሽ ራሷን ያዘች። "የእርጉዝ ሆድ ከፍቶ 'ስንት ደረሰ' የሚል ሰው አለ? ሥሩ ሊወፍር ሲል እርስዎ ይበጥሱታል፣ ሊወፍር ሲል ይበጥሱታል! ስምንቱን ጉብታ የገደሉት እርስዎ ነዎት እኮ ጋሼ፣ በሽታ አይደለም!"

ጋሽ ሙህዲን ዶማቸውን ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው ልክ ያን የግንቦት ምሽት ቤት እንደመጣው እንደ አብዱራህማን ፊት ሆነ፤ ይህን ያስተዋሉት ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ወይዘሮ ከድጃ ናቸው።

ብዙነሽም አዘነችላቸው መሰለኝ፣ ድምጿን አለዘበች። "ሲደርስ መሬቱ ራሱ ይነግርዎታል። ድንቹ ሲወፍር አፈሩን ይገፋዋል፣ ጉብታው ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ በዶማ አይደለም፣ በእጅዎ ገብተው ትልቁን ብቻ ይወስዳሉ፣ ትንሹን አፈር ያለብሱታል። እሱም በተራው ይወፍራል። ስንጥቅ እስኪያዩ ድረስ ግን እጅዎን ይሰብስቡ።"

"እጄ አላስችል ቢለኝስ?"

"ሐረጉን ከመሬት ብድግ ያድርጉት። በየሄደበት ሥር ከሰደደ ጉልበቱ ይበተናል። እሱን ብቻ ይሥሩ።"

የዚያኑ ቀን ወይዘሮ ከድጃ ዶማውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ብዙነሽ ቤት አሻገሩት። ጋሽ ሙህዲን ሰኞ ሲደርስ "ዶማዬ የታለ?" ብለው ቤቱን ሲያተራምሱ "እኔ ምን አውቄ፣ ቆጥረህ አልነበር?" አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ለሌላ ሰው ቀላል ነው፤ ለእሳቸው ግን እንደ ጾም ነበር። ቀትር ላይ ዙህር ሰግደው ይመጡና ሐረጉን አንድ በአንድ ብድግ እያደረጉ ወደ ጉብታው ይመልሳሉ። በዚያው ጎንበስ ብለው አፈሩን ያያሉ። ስንጥቅ የለም። መስከረም አለቀ፣ ስንጥቅ የለም። የአረምን ሥር ሲነቅሉ እንኳ ጣታቸው ሁለት አንጓ ወደ አፈሩ ጠልቆ ይገኛል፤ ድንጋጤ እንደያዘው ሰው ያወጡታል። በመስጊዱ በር ላይ "ሙህዲን፣ ድንቹስ?" ሲሏቸው "ዕቃው መንገድ ላይ ነው" ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፣ ከሆዳቸው ግን አይደለም።

ጥቅምትም ጋመሰ። ዝናቡ ቆመ። አፈሩ ደረቀ፣ ስንጥቅ ግን የለም! ጉብታው ሁሉ ልክ እንደተለሰነ ግድግዳ ድፍን ነው። አብዱራህማን አንድ መኪና አሸዋ አስመጥቶ በሩ ላይ አስደፋ፤ በሳምንቱ ብሎኬት መጣ። ጋሽ ሙህዲን ከጓሮ ሲወጡ ብሎኬቱን በዓይናቸው ሊቆጥሩ ይጀምሩና ይተዉታል። ሰውነታቸው ከሳ። ሐረጉን ማንሣት ግን አንድ ቀንም አላቋረጡም።

ኅዳር ገባ፤ የውሉ ቀን እሑድ ደረሰ። በዚያን ጠዋት ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱና ጉብታ ቁጥር አሥራ ሰባት አጠገብ ተንበረከኩ። አብዱራህማን ሊመጣ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል። አሁን ቢቆፍሩ ማን ይከለክላቸዋል? ካለ አለ፣ ከሌለም የለም። እጃቸውን አፈሩ ላይ አደረጉ። አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ትንሽ ቆዩና እጃቸውን አነሡ። "ገና እያደገ ከሆነ በከንቱ ልገድለው ነው" አሉ። "ከገደሉት ግንበኞቹ ይግደሉት። እኔ ስምንት ገድያለሁ፤ ይበቃኛል።" እጃቸውን አራግፈው ወደ ቤት ገቡ። ለቁርስ የቀረበላቸውን ሻይ አልጠጡትም።

ሦስት ሰዓት ላይ አብዱራህማን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጣ። ሽፈራውና ሁለት ሠራተኞችም ገመድ፣ ችካልና አካፋ ይዘው ተከተሉ። አብዱራህማን አባቱን ሲያይ ደነገጠ፤ እንዲህ የከሱ አልመሰለውም ነበር።

"አባ፣ እንግዲህ... ምሳው?" አለ፣ እየፈራ።

"ምሳ የለም" አሉ ጋሽ ሙህዲን። "ቃል ቃል ነው። አስቆፍር።" ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዞሩ። "አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ እኔ ቤት ስገባ ይጀምሩ።"

ሽፈራው የመጀመሪያውን ችካል ጓሮዋ ጥግ ላይ መትቶ ገመዱን ይዞ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። ገመዱ በሐረጉ ላይ ተወጠረ። አንደኛው ሠራተኛ አካፋውን አነሣ።

"ቆይ! ቆይ! ቆይ!"

ወይዘሮ ከድጃ ናቸው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሳህን በብብታቸው ይዘው፣ በአጥሩ በኩል ብዙነሽን እየተጣሩ መጡ። ማንንም ሳያናግሩ ጉብታ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ቁጢጥ አሉ፤ ሐረጉን ገለጡ፤ ከላይ ያለውን አፈር በመዳፋቸው ጠረጉት። ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ከጉብታው ጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሮ ይታያል።

ጋሽ ሙህዲን ቀርበው አጎነበሱ። "ይሄ... ይሄ ጠዋት አልነበረም!"

"ነበረ እንጂ! ደፍኜው ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ደፈንኩት አልኩህ። አሥራ ስድስቱንም! ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንተ ለሱብሂ ስትወጣ እኔ በሳህን አፈር ይዤ እዚህ ነኝ። ስንጥቅ ክፍት ከተተወ ትል ይገባበታል አለች ብዙነሽ። አንተ ደግሞ ስንጥቅ ካየህ አንተው ትገባበታለህ!"

ብዙነሽ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔም አላመንኩዎትም ነበር።"

"እኔ እዚህ በጭንቀት ስሞት!" ብለው ጮኹ ጋሽ ሙህዲን። "ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ሳላገኝ! ከድጃ፣ አንቺ ልብ የለሽም?"

"ልቤማ አንተን እያየ ስንቴ ሊነግርህ ብሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት እዚህ ተንበርክከህ በመስኮት አይቼሃለሁ። ይኸው አሁን ገባ፣ አበቃ፣ አልኩ። እጅህን አነሣህ።" ወይዘሮ ከድጃ እዚህ ላይ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና "በል አሁን ና፣ የመጀመሪያውን አንተ አውጣው" አሉ።

ጋሽ ሙህዲን በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን በስንጥቁ ሰደዱ። ዙሪያውን ዳሰሱ፣ ወዘወዙ፣ ሳቡ። የወጣው ድንች ከክንዳቸው ይወፍራል፤ ቆዳው ቀላ ያለ፣ አፈር የተለጠፈበት፣ ሁለት እጅ የሚሞላ። ሽፈራው ገመዱን ከእጁ ጣለ። ስኳር ድንች በልቶ ያደገ የወላይታ ልጅ ነው፤ ይሄን ሲያይ ግንበኛነቱን ረሳው።

"አቤት! አባባ፣ ይሄ እኮ ሙሉ ቤተሰብ ያበላል!" ብሎ እሱም ሳይጠየቅ ቁጥር አሥራ ስምንት ላይ ተንበረከከ። "ትንሹን እንዳትነኩ፣ ትንሹ ይቆይ!" እያለ የሠራተኞቹ አዛዥ ሆነ። አራት ጉብታ ሳይሞላ ሳህኑ ሞላ። ጋሽ ሙህዲን "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." ብለው ጀምረው ነበር፤ አምስት ላይ ሳቁና ተዉት።

ምሳው ስድስት ሰዓት ላይ ቀረበ። ድንቹ በትልቁ ድስት ተቀቅሎ፣ እየጨሰ ተላጠ፤ ውስጡ ቢጫ ነው። ወይዘሮ ከድጃ በሚጥሚጣ ያበደ ቅቤ አቀረቡለት፤ ብዙነሽ በበኩሏ እርጎ ይዛ መጣች። ልጆቹ እጃቸው እየተቃጠለ ይሻማሉ። ሽፈራውና ሠራተኞቹም ተቀምጠው በሉ፤ በዚያን ቀን አካፋ የነካ የለም። ጋሽ ሙህዲን ሰው ሲበላ እያዩ ራሳቸው መብላት ረስተው ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ሱቁን በከፈቱበት ቀን እንኳ አላገኙም።

አብዱራህማን ብቻ አንዷን ድንች ለሁለት ከፍሎ ይዟታል፣ አይበላትም።

"አባ፣" አለ በመጨረሻ፣ "ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳታይ፣ ምንም ምልክት ሳይኖር፣ አልነካኸውም?"

"አልነካሁትም።"

"እንዴት ቻልክ?"

"ብነካው እንደምገድለው አውቄያለሁ። ስምንት ገድዬ ነው ያወቅኩት።"

አብዱራህማን ድንቹን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። "እኔንስ ዓመት ሙሉ ለምን በየቀኑ ትቆፍረኝ ነበር?"

 ልጆቹ እንኳ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሽፈራው ያላየ ለመምሰል ወደ እርጎው አቀረቀረ። ጋሽ ሙህዲን መልስ ፈለጉ። ብዙ መልስ ነበራቸው፤ የሱቁ ደንብ፣ የሌባው ብዛት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። ሁሉንም ተዉት።

"አላወቅኩም ነበር ልጄ" አሉ። "የምረዳህ ይመስለኝ ነበር። በዚያን ቀን ሰው ፊት ላዋረድኩህ ይቅር በለኝ።"

አብዱራህማን ተነሥቶ የአባቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል፣ ጋሽ ሙህዲን ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉትና ግንባሩን ሳሙት። ወይዘሮ ከድጃ ከዚህ በላይ ያስለቅሰናል ብለው ይመስላል "ቅቤው ቀዘቀዘ እኮ፣ ብሉ!" ብለው ተቆጡ።

ከምሳ በኋላ ሽፈራው ወደ ጓሮ ተመልሶ የመጀመሪያውን ረድፍ፣ ያን የደረቀውን፣ በእርምጃ ለካ። "እዚህ ላይ ምንም የለም አይደል? ሁለት ክፍል ይወጣዋል" አለ። አብዱራህማን አባቱን አየ። "ሁለት ይበቃናል" አለ። ገመዱ ተነቅሎ በባዶው ረድፍ ላይ ተወጠረ። ጋሽ ሙህዲን የሞቱትን ስምንት ጉብታዎች ካርቶን አንድ በአንድ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። የቀሩትን አሥራ ስድስቱን ቁጥሮች ግን ብዙነሽ ነቀለቻቸው፤ ከእንግዲህ አያስፈልጉም አለች። አልተከራከሯትም።

ታኅሣሥ ሁለት፣ ሰኞ፣ ጋሽ ሙህዲን ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባህል አዳራሽ ሄዱ። ፌስታል ሙሉ ድንች ይዘዋል። ባጃጁን ሱቁ በር ላይ አስቁመው "አትሂድ፣ አሁን ነው የምመለሰው" አሉት ሹፌሩን። ደፉ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። ከውጭ እንዳዩት ብዙ ነገር ተቀይሯል። ፓስታው በሳሙናው ቦታ ነው። ባንኮኒው ዞሯል። ዘይቱ የት እንደገባ አላህ ይወቅ።

"አብዱ፣ ድንች አምጥቼልሃለሁ" ብለው ፌስታሉን ዘረጉ። "ልሂድ፣ ባጃጁ ቆሟል።"

አብዱራህማን ፌስታሉን ተቀበለና አባቱን ትንሽ አያቸው። ከዚያ በአጠገባቸው አልፎ ወጣና ባጃጁን አሰናበተው።

"ግባ አባ" አለ። "ሻይ አዝዣለሁ።"

ጋሽ ሙህዲን ገቡ። ከባንኮኒው ኋላ አይደለም፤ ደንበኛ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውንም ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ያዙ። ሻዩ መጣ። ደንበኛ ገባ፣ ወጣ፤ አብዱራህማን ሸጠ፣ ሳቀ፣ ዕቃ አወረደ። አንድ የድሮ ደንበኛቸው "ጋሽ ሙህዲን! ዛሬ ሰኞ አይደል እንዴ፣ ቆጠራ የለም?" አላቸው።

"እሱን ባለቤቱን ጠይቅ" አሉ፣ ወደ ልጃቸው እያመለከቱ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም ሳያይ፣ ዓይናቸውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወርወር አደረጉ። ሳሙናው እዚያ ነው። እስከ ጣሪያው ሞልቷል፤ ጣሪያውም ተጠግኗል። ሻያቸውን አነሡና ጠጡ።